ከጦር ሜዳ ወደ ቤቷ የተመለሰችው እኅታችን
(ለቁምስናዎችና ለመንፈሳውያን ማኅበራት የቀረበ የጥናት ጽሑፍ)



የጦርነትን ፍጻሜ የታሪክ ጸሐፊዎች በቀንና በዓመተ ምሕረት መዝግበው ያስቀምጡታል። በሀገራችን ለ17 ዓመታት የቆየው የእርስ በርስ ጦርነት በግንቦት 1983 ዓ.ም. አበቃ። በ1990 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት በታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. በአልጀርስ በተፈረመው ስምምነት ተዘጋ። በ2013 ዓ.ም. በትግራይ ተቀስቅሶ ወደ አማራና ወደ አፋር ክልሎች የተዛመተውም ጦርነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት እንዲቆም ተደረገ። ይሁን እንጂ በጦርነቱ ውስጥ ያለፈው ሰው በልቡ መዋጋቱን የሚያቆምበትን ቀን የትኛውም መዝገብ አይነግረንም።

በዚህ እትማችን ልናጠናው የመረጥነው ርእስ ከጦር ሜዳ ወደ ቤቷ የተመለሰችውን ሴት የሚመለከት ነው። የብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን በኅዳር 2017 ዓ.ም. በትግራይ ሥራውን ሲጀምር በመላ ሀገሪቱ ከ370 ሺህ በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ ለመመለስ ማቀዱን አስታውቆ ነበር። ከእነዚህ መካከል ሴቶች አሉ። በየትኛውም ወገን ተሰልፈው የነበሩ ቢሆኑ፣ የሚመለሱት ወደ እኛው ሰፈር፣ ወደ እኛው ገበያና ወደ እኛው ቤተ ክርስቲያን ነው። የጦርነቱን መነሻና ጥፋት መመርመር ለታሪክና ለፍርድ የሚተው ነው። ለእኛ ለምእመናን የቀረበልን ጥያቄ ግን ይህች እኅት በቅዳሴ ሰዓት አጠገባችን ስትቆም እንዴት እንቀበላት የሚል ነው።

አንዲት እኅት በዐይነ ኅሊናችን

እንዲህ ያለችውን አንዲት እኅት በዐይነ ኅሊናችን እንመልከት። ታሪኳ የብዙዎች ስለሆነ ስም አንሰጣትም። በ19 ዓመቷ ወደ ጦር ሜዳ ሄደች። በዚያም ቁስለኛ መሸከምን፣ የሚፈስ ደም ማቆምን፣ ሌሊቱን ሙሉ በእግር መጓዝን፣ ውላ አድራም ሌሎችን መምራትን ተማረች። አሁን ወደ እናቷ ቤት ተመልሳለች። እናቷ በእልልታ ተቀበለቻት፤ ጎረቤቱም «እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ» አላት።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ሌላ ነገር መታየት ጀመረ። ሌሊት እንቅልፍ የላትም፤ ሸለብ ቢያደርጋትም ጮኻ ትነሣለች። በር በኃይል ሲዘጋ በደረቷ መሬት ላይ ትወድቃለች። በቡና ሰዓት ሴቶቹ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ሲጨዋወቱ እርሷ ዐይኗን ከበሩ አታነሣም። ለመስቀል በዓል ልጆች ርችት ሲተኩሱ ጓዳ ውስጥ ጆሮዋን ይዛ ተገኘች። ታናሽ ወንድሟ ለቀልድ ከኋላዋ መጥቶ ቢይዛት ሳታስበው አንገቱን አነቀችው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ከእርሱ ጋር በአንድ ክፍል ማደርን ፈራች። እሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያን ትመጣለች። የምትቆመው ግን ከሁሉ ኋላ፣ ከመውጫው አጠገብ ነው፤ ወደ ቅዱስ ቍርባንም አትቀርብም።

ሰፈርተኛው ይህን አይቶ ይፈርዳል። አንዱ «ሰይጣን ይዟታል» ይላል። ሌላው «ሜዳ ለምዳ የቤት ሥራ ጠላች» ይላል። ሦስተኛዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ከወንድ ጋር ስትዞር የኖረች ሴት ከዚህ ሌላ ምን ትሆናለች!» ትላለች። እነዚህን ሦስት ፍርዶች አንድ በአንድ ብንመረምር ትምህርት እናገኝባቸዋለን።

፩. «ሰይጣን ይዟታል» ስለሚለው

ሐኪሞች ይህን ሁኔታ ካወቁት ቆይተዋል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በምሽግ ውስጥ የመድፍ ድብደባ ሲወርድባቸው የሰነበቱ ወታደሮች አካላቸው ሳይቆስል ሲንቀጠቀጡና አንደበታቸው ሲታሰር ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1980 የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ከአሠቃቂ ገጠመኝ በኋላ የሚደርሰውን ይህን የአእምሮ ጭንቀት በበሽታዎች መዝገቡ ውስጥ አስገባው። ምልክቶቹም ያለፈው ነገር በሕልምና በእውን ደጋግሞ መምጣቱ፣ እርሱን ከሚያስታውስ ቦታና ሰው መሸሽ፣ የስሜት መደንዘዝ፣ እንዲሁም ዘወትር በተጠንቀቅ መኖርና በጥቂቱ መደንገጥ ናቸው።

ይህ የሚሆንበት ምክንያት ለመረዳት የሚያስቸግር አይደለም። በጦር ሜዳ የሰው አካል አደጋን ቀድሞ መስማትን፣ ሳያስብ መውደቅን፣ ሳይዘገይ መምታትን ይለምዳል። ይህ ልማድ እኅታችንን ከሞት አትርፏታል። ትጥቅ ፍቺ ተብሎ በታዘዘ ቀን እጇ መሣሪያውን ያስረክባል፤ አካሏ ግን ልማዱን በአንድ ቀን ማስረከብ አይችልም። ስለዚህ የምናየው ቁስል እንጂ እብደት ወይም የእምነት ጉድለት አይደለም። ብዙዎችም በሠለጠነ አማካሪ እርዳታና አስፈላጊ በሆነ ጊዜ በመድኃኒት ይሻላቸዋል።

የቤተ ክርስቲያን ትምህርትም ከዚህ ጋር ይስማማል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቍጥር 1673 ርኵስ መንፈስን ስለ ማውጣት ሲናገር፣ ሕመም በተለይም የአእምሮ ሕመም ከዚህ የተለየ ጉዳይ መሆኑንና ሕክምናው ለሐኪሞች የሚገባ መሆኑን ያስጠነቅቃል። ጸሎትና ሐኪም የሚቀናኑ አይደሉም። እኅታችንን ወደ ሐኪም የሚወስድ ሰው በመንገዱ ላይ ሊጸልይላት ይችላልና።

፪. «ሥራ ጠላች» ስለሚለው

ይህን የሚል ሰው እርሷ በሜዳ ምን እንደ ነበረች አያውቅም። በ17 ዓመቱ ጦርነት በትግራይና በኤርትራ ከተሰለፉት ታጋዮች መካከል ከሦስቱ አንዷ ያህል ሴት እንደ ነበረች በብዙ ጥናቶች ተጽፏል። እነዚህ ሴቶች ሕክምና ሰጥተዋል፤ የመገናኛ ሬዲዮ ይዘዋል፤ መኪና ጠግነዋል፤ ጓዶቻቸውን አስተምረዋል፤ ተዋግተው አዋግተዋል። ጦርነቱ አብቅቶ ሲመለሱ ግን ብዙዎቹ የትምህርት ማስረጃ ስላልነበራቸው የሚያውቁት ሁሉ እንደ ሙያ አልተቈጠረላቸውም። በሜዳ ከትዳር ጓደኛቸው ጋር በእኩልነት የኖሩ አንዳንዶች፣ ከሰላም በኋላ ባል «እንደ ሀገሩ ወግ የምትሆን» ሌላ ሚስት ፈልጎ ሲሄድ አይተዋል። ልጅ የመውለጃ ዕድሜያቸው በምሽግ ያለፈባቸውም ነበሩ።

ይህ የሀገራችን ሴቶች ብቻ ዕጣ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሶቭየት ኅብረት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ ሴቶች ተሰልፈው ነበር። ቤላሩሳዊቷ ጸሐፊ ስቬትላና አሌክሲየቪች የብዙዎቹን ቃል ሰብስባ እ.ኤ.አ. በ1985 በመጽሐፍ አሳተመች። ከዚያ እንደምንረዳው ወንዱ ሜዳሊያውን በደረቱ አድርጎ ሲወጣ፣ ብዙ ሴቶች ሜዳሊያቸውን በሳጥን ደብቀው፣ መዝመታቸውንም ሳይናገሩ ኖረዋል። ምክንያቱም ሰፈርተኛው ሊያከብራቸው ሲገባ በጥርጣሬ ዐይን አያቸው።

ስለሆነም እኅታችን ከምጣዱ አጠገብ ዝም ብላ ስትቀመጥ ሥራ ጠልታ ነው ብለን አንቸኵል። በሜዳ ሳለች የብዙ ሰዎች ሕይወት በእጇ ነበር፤ ዛሬ ግን «አንቺ ተቀመጪ፣ እኛ እንናገራለን» ትባላለች። የጠፋባት ከእንጀራ መጋገር የሰፋ ነገር ነው። እንደምታስፈልግ የሚነግራት ሰው አጥታለች።

፫. «ከወንድ ጋር ስትዞር የኖረች» ስለሚለው

ይህ ሦስተኛው ፍርድ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ይህንንም የምንናገረው በአደባባይ ሳይሆን በጓዳ በመሆኑ የሚመልስልን ሰው የለም። አዎን፣ በጦርነት ጊዜ ክብራቸው በግፍ የተደፈረ ሴቶች አሉ፤ ከመዝመታቸው በፊት ይህ የደረሰባቸውም፣ በዘመቱበት የደረሰባቸውም ይኖራሉ። በእነርሱ ላይ የተፈጸመው የሌላ ሰው ወንጀል ነው። እ.ኤ.አ. በ410 ዓ.ም. ሮም ስትወረር ብዙ ክርስቲያን ሴቶች ተደፍረው ነበር። በዚያም ጊዜ የሚነቅፏቸው ሰዎች ስለ ተነሡ ቅዱስ አውግስጢኖስ «የእግዚአብሔር ከተማ» በተባለው መጽሐፉ መጀመሪያ ላይ መልስ ሰጥቷል። ንጽሕና የነፍስና የፈቃድ ነገር ስለሆነ በሌላው ግፍ አይጠፋም ሲል አስተምሯል። ይህ ትምህርት ከ1,600 ዓመት በፊት ለቤተ ክርስቲያን ግልጽ ሆኖ ሳለ፣ ዛሬ በቡና ላይ ተቃራኒውን የምንናገር እኛ ምን መልስ አለን? እዚህ ላይ ንስሓ መግባት ያለብን እኛው ነን፤ ሐሜትም ኃጢአት ነውና።

ቅዱስ መጽሐፍ ምን ያስተምረናል?

ቅዱስ መጽሐፍ ድልን ተርኮ ብቻ አይተወንም፤ ከድል በኋላ የሚመጣውንም ያሳየናል። ሁለት ምሳሌዎችን እንውሰድ።

የመጀመሪያው ነቢዩ ኤልያስ ነው (1ኛ ነገ. 18–19)። ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ ድል አደረገ፤ በቂሶንም ወንዝ የበዓል ነቢያት ተገደሉ። ብንገምት ደስ ሊለው ይገባ ነበር። እርሱ ግን ወደ ምድረ በዳ ሸሽቶ ከክትክታ ዛፍ በታች ተቀመጠና ሞትን ለመነ። እግዚአብሔር እንዴት እንደ ረዳው በማስተዋል እንመልከት። መልአኩ አልገሠጸውም፤ ስለ እምነቱም አልመረመረውም። እንዲተኛ ተወው፤ ቀስቅሶም እንጎቻና ውኃ ሰጠው፤ ይህንም ሁለት ጊዜ አደረገ። ከዚያ በኋላ በኮሬብ እግዚአብሔር በዚህ ምን እንደሚያደርግ ጠየቀው፤ ኤልያስም ብሶቱን ተናገረ፤ ደግሞ ቢጠየቅ ያንኑ ብሶት ደገመው፤ እግዚአብሔርም ሁለቱንም ጊዜ ሰማው። በመጨረሻ አዲስ ሥራ ሰጠው፤ ኤልሳዕንም ረዳት አድርጎ መደበለት፤ ብቻውንም እንዳልሆነ ነገረው። ዕረፍትና ምግብ፣ ከዚያ መደመጥ፣ ከዚያ ሥራና ጓደኛ፤ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። እኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ የምንጀምረው በተግሣጽ ነው።

ሁለተኛዋ ዮዲት ናት። ሁላችንም የምናስታውሳት የሆሎፎርኒስን ጭንቅላት ይዛ ስትመጣ ነው። የመጽሐፉን የመጨረሻ ምዕራፍ ግን ብዙ ጊዜ አናነበውም (ዮዲት 16፡18–25)። በዚያ እንደ ተጻፈው ዮዲት ሕዝቡ ከሆሎፎርኒስ ምርኮ የሰጣትን ዕቃ ሁሉ በኢየሩሳሌም ለእግዚአብሔር አቀረበች፤ ከጦርነቱ ያመጣችውን በቤቷ አላስቀመጠችም። ከዚያ ወደ ቤቷ ወደ ቤጡልያ ተመለሰች። ብዙዎች ሊያገቧት ቢፈልጉም እርሷ በመበለትነቷ ለመኖር መረጠች፤ ሕዝቡም በምርጫዋ አልነቀፋትም፤ እያደር ክብሯ በዛ እንጂ። አብራት የነበረችውን አገልጋይዋን ነጻ አወጣቻት፤ ሀብቷንም ሳትሞት ለዘመዶች አከፋፈለች። መጽሐፉ ይህን ሁሉ የጻፈው በከንቱ አይደለም። ዮዲት የተዋጋችው ለአንዲት ሌሊት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ረጅም ዕድሜ ኖራለች። ሕዝቧም ያን ዕድሜ እንደ ፈቀደችው በክብር የምትኖርበት ስፍራ አልነፈጋትም።

ቁስልና ኃጢአትን እንለይ

አሁን እኅታችን ለምን ወደ ቅዱስ ቍርባን እንደማትቀርብ እንጠይቅ። ምናልባት ንስሓ ገብታ ይሆናል፤ ካህኑም ፈትቷታል። ሆኖም በዚያው ሌሊት ሕልሙ ተመለሰ፤ የሞቱትም ሰዎች ፊት እንደ ገና መጣባት። እርሷም «እግዚአብሔር አልማረኝም ማለት ነው» ብላ ደመደመች። በዚህ ስፍራ ትክክለኛ ትምህርት ነፍስን ያድናል።

በጦርነት እግሩ የተቆረጠ ሰው ንስሓ ቢገባ ኃጢአቱ ይሰረይለታል፤ እግሩ ግን አይበቅልም። እግሩ ስላልበቀለ ኃጢአቱ አልተሰረየም የሚል ሰው የለም። ሕልሙም እንደ ተቆረጠው እግር ነው። ምሥጢረ ንስሓ በደልን ያስወግዳል፤ ኃጢአት ያመጣውን መታወክ ሁሉ ግን በአንድ ጊዜ እንደማይጠግን ትምህርተ ክርስቶስ በቍጥር 1459 ያስረዳል። ስለዚህ የሕልሙ መመለስ ቁስሉ ገና አለመዳኑን እንጂ የእግዚአብሔርን ምሕረት መነፈጓን አያመለክትም። በተጨማሪም ፍርሃት፣ ግዴታና አለማወቅ የሰውን ተጠያቂነት ሊቀንሱ፣ አንዳንድ ጊዜም ሊያስቀሩ እንደሚችሉ በቍጥር 1735 ተጽፏል፤ ይህንም መመዘን የጎረቤት ሳይሆን የንስሓ አባት ሥራ ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ ልናጽናናት ብለን «ጦርነት ነበር፤ ምንም አላደረግሽም» ብለን አፏን አንዝጋ። ኅሊናዋ የሚነግራት ነገር ካለ ኅሊናዋን ልናከብርላት ይገባል። በእርግጥ በደል ካለ በደሉ ስሙ ተጠርቶ ይቅርታ ይጠየቅበታል፤ ሊካስ የሚችለውም ይካሳል። ኃጢአቱን ቁስል ነው ብሎ መሸፈን፣ ቁስሉንም ኃጢአት ነው ብሎ መክሰስ ሁለቱም ይጐዷታል። ኃጢአት ወደ ካህን ይወሰዳል፤ ቁስል ወደ ሐኪምና ወደ ወዳጅ።

ቁምስናችን ምን ያድርግ?

የዳግማዊ ቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ቤተ ክርስቲያን በዘመናዊው ዓለም ስላላት ሥፍራ ባወጣው ሰነድ ቍጥር 78 ሰላም የጦርነት አለመኖር ብቻ እንዳልሆነና ዘወትር የሚገነባ የፍትሕ ሥራ እንደሆነ አስተምሯል። ይህ ግንባታ በእኛ ቁምስና የሚጀምረው በትናንሽ ነገሮች ነው።

ሀ) እናዳምጣት። «ስንት ሰው ገደልሽ?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። «ረስተሽው ኑሪ» ማለትም አይጠቅምም። መናገር በፈለገች ጊዜ ሳንደነግጥና ሳንፈርድ እንስማ፤ የነገረችንንም ለሌላ አንናገር።

ለ) ሁለት ጓደኞች እንስጣት። ከማኅበራችን ሁለት የበሰሉ እኅቶች በየሳምንቱ ይጎብኟት፤ ወደ ሐኪም በምትሄድበትም ቀን አብረዋት ይሂዱ። ሕይወቷን ስለ ማጥፋት ከተናገረች እንደ ዋዛ አይተላለፍ፤ ብቻዋን ሳትተው በዚያኑ ቀን ወደ ሕክምና ትወሰድ።

ሐ) በችሎታዋ ሥራ እንስጣት። ቁስል ማሰር የምታውቅ በቁምስናው ክሊኒክ ብትረዳ፣ ሰው መምራት የምታውቅ በልማት ኮሚቴው ብትገባ ቁምስናው ይጠቀማል። ያቋረጠችውን ትምህርት እንድትቀጥል የመማሪያ ወጪዋን መሸፈን ለአንድ ማኅበር የማይቻል ሸክም አይደለም።

መ) ቦታዋን እናክብርላት። ከመውጫው አጠገብ መቆም ከፈለገች ትቁም። ከኋላዋ መጥተን አንንካት። በበዓል ቀን ርችት የሚተኮስ ከሆነ አስቀድመን እንንገራት።

ሠ) ካህናት አባቶቻችን በእሑድ ሰልፍ መካከል ሳይሆን ሰፊ ጊዜ ሰጥተው ኑዛዜዋን ቢሰሟት እንለምናለን። ለሙታን በሚጸለይበትም ጊዜ በሁለቱም ወገን የወደቁት ይታሰቡ፤ እርሷ የምታስባቸው ሙታን በሁለቱም ወገን ናቸውና።

አንቺም ይህን ጽሑፍ የምታነቢ እኅታችን ሆይ፣ ለብዙ ጊዜ ስለ አንቺ ያወራነው ከአንቺ ጋር ሳንነጋገር ነበር፤ ስለዚህ ይቅርታ እንጠይቅሻለን። የአንቺ እንቅልፍ ማጣት እግዚአብሔር ለመተውሽ ምልክት አይደለም። ኤልያስም ከዛፉ በታች ሞትን በለመነ ጊዜ መልአኩ አጠገቡ ነበር። ወደ ውስጥ ለመግባት ጊዜ ቢወስድብሽ እንጠብቅሻለን፤ ከበሩ አጠገብ መቆም ብትመርጪም ከእኛው ጋር ነሽ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በሰፈራችን ከጦር ሜዳ የተመለሱ ሴቶችን እናውቃለን? በስማቸው የምናውቃቸው ስንቶች ናቸው?
2. ከሦስቱ ፍርዶች እኛ ራሳችን የተናገርነው የትኛውን ነው?
3. እግዚአብሔር ኤልያስን የረዳበት ቅደም ተከተል በማኅበራችን ሥራ ላይ ምን ይለውጣል?
4. እስከሚቀጥለው እትም ድረስ ማኅበራችን ለአንዲት እኅት ሊያደርግ የሚችለው አንድ ነገር ምንድን ነው? ማንስ ይፈጽመዋል?

ጸሎት

የሰላም አምላክ ሆይ፣ ከጦር ሜዳ የተመለሱትን እኅቶቻችንንና ወንድሞቻችንን አስብ። ሌሊታቸውን ጠብቅ፤ ቁስላቸውን ፈውስ፤ በደላቸውንም ይቅር በል። የእኛንም ምላስ ከሐሜት ከልክል፤ ጆሮአችንን ለመስማት ክፈት። በልጅሽ መስቀል አጠገብ የቆምሽ እመቤታችን ድንግል ማርያም ሆይ፣ በበራችን አጠገብ ለቆሙት ሁሉ ለምኝላቸው። አሜን።